መዶሻሽ በአዲሱ ጨዋታ ቀለል ብሏል

ትርንጎዬ፣ የቤቴ ሰው፤

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። የሄድሽው ሰሊጡ ለአጨዳ ደርሶ፣ ሠራተኛው ከደጋ በሚወርድበት ሰሞን ነበር። አሁን ግንቦት ነው። ቆርቆሯችን ከረፋዱ ጀምሮ በሙቀት ይንጣጣል፤ ከማዶ ከሱዳኑ ገላባት በኩል የሚመጣው ነፋስም ከአቧራ በቀር ይዞልን የሚመጣ ነገር የለም። በሚቀጥለው ሳምንት እርሻው ወዳለበት ወደ ኮኪት ሄጄ ትራክተሩን ለእርሻ አዘጋጃለሁ። ከመሄዴ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ሳልነግርሽ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። እንደምታውቂው እኔ ከመሪ ጋር እንጂ ከእስክርቢቶ ጋር አልስማማም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ።

የቤቱን ላስቀድም። በደጁ የተከልሽው ኒም ከመስኮቱ አልፎ ጣሪያውን ነክቷል፤ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ነጂዎች ጥላው ሥር ተኮልኩለው ይውላሉ። ፍየልሽ መንታ ወልዳለች። አልጋውን ወደ በሩ አዙሬዋለሁ፤ በአንቺ በኩል የነበረው ግድግዳ አላስተኛ ብሎኝ ነው። እናትሽ እማማ ብርቄ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። የሰፈሩን ሰው የምታጫውቺበት ጌም ቤትሽ ግን ከአርባሽ ወዲህ ተዘግቶ ከረመ።

ያስዘጉት እናትሽ ናቸው። በአርባሽ ማግስት መጥተው በሩ ላይ ቆሙና፣ «ይህን ዕቃ ከዚህ ቤት አውጣልኝ። ልጄን የጨረሳት ያ የአውሬ ጦርነት ነው» አሉኝ። አንቺ የወደቅሽው ከዚያው ወንበርሽ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። እኔ እርሻ ላይ ነበርኩ፤ ያየሁት ነገር የለም። የልብሽ በር ከልጅነትሽ ጀምሮ እንደማይገጥም ሐኪሞቹ ነግረውን ነበር። ያም ሆኖ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም በሆዴ ያንን የጨዋታ ማሽን ረግሜዋለሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት፤ የሚገዛው ሰውም እፈልግ ጀመር።

ሚያዝያ ላይ ጌትነት መጣ፤ ያ ሰሊጥ ጫኙ የጎጃም ሹፌር፣ በወጣ በወረደ ቁጥር አንቺ ጋ ጎራ ሳይል የማያልፈው። ማሽኑን ልሸጠው እንደሆነ ስነግረው ቆብ አውልቆ ራሱን እያከከ ቆየ።

«አድማሱ ወንድሜ» አለኝ፣ «ያ ትርንጎ ስትጠብቀው የነበረው አዲሱ የአደን ጨዋታ ዴሞው ወጥቷል። ማሽኑን ለአንድ ምልልስ ስጠኝ። ጎንደር ከኢንተርኔት አስወርጄበት እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ብትሸጠውም ሽጠው።»

ዴሞ ማለት ሙሉው ጨዋታ ከመምጣቱ በፊት ሰው እንዲሞክረው የሚለቀቅ ቁራጭ እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስንት ጊዜ በስልክ፣ «አዲሱ ሲመጣ የመዶሻዬ ነገር እንዴት ይሆን?» ብለሽኛል! እኔ የሞተሩ ድምፅ እየበለጠብኝ «እህ» እል ነበር። እሱ ትዝ አለኝና ማሽኑን ሰጠሁት። ጌትነት ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወስዶ፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት መልሶ አመጣልኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱን ከፈትኩ። ሦስት ሰው ብቻ ነው የጠራሁት። አንዱ ጌትነት ነው። ሁለተኛዋ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ ሙሉዬ። ሦስተኛው ኡስማን፣ ከማዶ ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣው ሱዳናዊ መምህር፣ ሁላችንም «ኡስታዝ» የምንለው። እሱ መጀመሪያ የመጣ ቀን ከቴሌቪዥኑ የተኩስ ድምፅ ሲወጣ ተነስቶ ወደ በሩ መሄዱን ነግረሽኝ ነበር። ምንም ሳትጠይቂው የጥይቱን ጨዋታዎች ሁሉ አንስተሽ፣ ጋሻ የያዘ አዳኝ መርጠሽ፣ ጆይስቲኩን እጁ ላይ አስቀመጥሽለት። ከዚያ ወዲህ ከጋሻ ሌላ ይዞ አያውቅም።

እንግዲህ ሁሉም ምን እንዳሉ በየተራ ልንገርሽ፤ ብትኖሪ ቀድመሽ የምትጠይቂው ይህንኑ ነበር።

በጨዋታው ውስጥ የሚታየው ቦታ ሰፊ አሸዋማ ሜዳ ነው፤ ልክ የኛን ቆላ በመጋቢት ይመስላል። አውሬው ጋማ አለው፤ ጭራው የግራር እሾህ የተሰካበት ይመስል ይንጨፈረራል። ጌትነት እንደ ልማዱ ረጅሙን ሰይፍ ይዞ ገባ። «ይሄ ከድሮው ይከብዳል» አለ፤ «ሲያርፍ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ጎማ ጉድጓድ ሲገባ መሪው እንደሚነዝርህ ነው። ግን አንዴ ከሰነዘርህ መመለሻ የለህም፤ እንደተጫነ ተሳቢ ነው!» አውሬው ሲንደረደርበት ድሮ ይሸሽ አልነበር? አሁን ባለበት ቆሞ ሰይፉን ቢዘረጋ ገፍቶ አስቆመው። ከመቀመጫው ዘሎ ቆርቆሮውን በጭንቅላቱ ሊነድለው ነበር።

ሙሉዬ ጥንዶቹን አጫጭር ጎራዴዎች ወሰደች። «ፈጣን ናቸው፤ የመኪናዬ መርፌ በያቸው» ብላ ወደ ባዶው ወንበርሽ ዞረች። ሳታስበው ለአንቺ ነበር የምታወራው። አንድ ቦታ ደጋግመው ሲመቱት የአውሬው ቁስል ይከፈታል፤ ቀልቶ ይታያል፤ እዚያው ላይ ሲደግሙት ይፈነዳል። እሱን ወደደችው፤ ስፌቱ የላላበትን አግኝቶ እንደመተርተር ነው ብላለች። ያልወደደችው ብልጭልጩን ነው። መብራቱና ጽሑፉ በዝቶ የአውሬው እግር የት እንዳረፈ አላሳይ አላት።

ኡስታዝ ጋሻውን አመሰገነ። ከድሮው ይልቅ ወደፈለገው አቅጣጫ ዞሮ ያቆምለታል። አዲስ ነገር ደግሞ አለ፤ አዳኙ የሚጋልበው እንስሳ፣ ሁለተኛ መሣሪያም የሚጫንበት። ጌትነት «ረዳት ያለው መኪና» ብሎ ሲፈነጥዝ ኡስታዝ ግን ፊቱን አኮሳተረ። «ወላሂ፣ እንስሳው ራሱ መንገድ ያውቃል፤ ታዲያ እኔ ምን ልሠራ? ትርንጎ ብትኖር፣ ውረድና በእግርህ ሂድ፣ አገሩን እየው ትለኝ ነበር።»

መዶሻውን ማንም አልነካውም። ሦስቱም አልፈውት ሄዱ። ከዚያ ጌትነት ጆይስቲኩን ወደ እኔ ገፋው።

አንድ ቀን አብሬሽ እንድጫወት ስንት ጊዜ ለመንሽኝ? «አጨዳው ይለቅና» እልሽ ነበር፤ አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ «ጭነቱ ይውጣና»። ያን ዕለት ጣቴ የቱን እንደሚጫን እንኳ አላውቅም ነበር። መዶሻውን ይዤ ገባሁና አውሬው በጭራው አንድ ጊዜ ቢጠርገኝ ወደቅሁ። የወደቀ አዳኝ የሚያነሱት የጨዋታው ድመቶች በጋሪ እየጎተቱ ሰፈር ወስደው ሲደፉኝ ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። ጌትነት መዶሻው ከድሮው ቀልሏል አለ። ሙሉዬ የለም፣ ክብደቱ ያው ነው፣ አሁን አንስተውት መራመድና መዞር መቻሉ ነው እንጂ ብላ ተከራከረች። እኔ የድሮውን ነክቼው አላውቅምና ምስክር መሆን አልቻልኩም። ያኔ ነው ያፈርኩት፣ ትርንጎዬ።

ጩኸታችን መንገድ ድረስ ይሰማ ኖሯል። ቀና ስል እናትሽ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር።

«በልጄ ሬሳ ላይ ነው የምትስቁት?» አሉ።

ሁላችንም ተነሳን። እኔ ማሽኑን ላጠፋ ስጎነበስ ሙሉዬ ቀደመችኝ፤ ሄዳ ከፊታቸው ቆመች።

«እማማ፣ ያን ቀን እሷ አልተጫወተችም» አለቻቸው። «ከጠዋት ጀምሮ ደክሟት ነበር። ጆይስቲኩን ለእኔ ሰጥታ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እኔ ስሳሳት፣ አንቺ ሴት፣ ይሄኮ ጨርቅ አይደለም ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ዝም አለች። ያኮረፈችኝ መስሎኝ ዞር ብል...» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አጠገቧ ሆነሽ እንዴት ሳታዪ ቀረሽ ይሉኛል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት።»

እኔም እኮ ጠይቄያት አላውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ጎረቤታሞች ሆነን፣ አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነበር?» አላልኳትም።

እናትሽ ወደ ሙሉዬ ጠጋ ብለው፣ «እየሳቀች ነበር ነው የምትይኝ?» አሉ።

«እየሳቀች ነበር፣ እማማ።»

ገብተው ማንም ያልደፈረው ወንበርሽ ላይ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቴሌቪዥኑን ትኩር ብለው አዩት። «እሷ የትኛውን ነበር የምትይዘው?» አሉ። መዶሻውን አሳየናቸው። «ይህን ሁሉ ብረት? አንድ ጀሪካን ውሃ ማንሳት ያቃታት ልጅ?»

ያስረዳቸው ኡስታዝ ነው፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ከላይ ያለውን ቢጫ መስመር በጣቱ እያሳየ፣ «ይሄ የአዳኙ ትንፋሽ ነው፣ እማማ። ሲሮጥ ያልቃል፣ ሲመታ ያልቃል። ሲያልቅ ይቆማል፤ አውሬው ያን ጊዜ ይበላዋል። እኛ ሁላችን ትንፋሽ እንጨርሳለን። ትርንጎ ብቻ ጨርሳ አታውቅም። ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ መስመሩ ሲሞላ አንድ ጊዜ ትመታለች። በቃ። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ እንደሷ አላየሁም» አላቸው።

እናትሽ በዱላቸው ወደ እኔ ጠቁመው፣ «እስቲ ድገመው» አሉ።

ገባሁ። ሁለት ጊዜ መታሁና ደም ሥሬ ሞቀ፤ ሦስተኛውን ላነሳ ስል ከኋላዬ፣ «ተው! ቢጫው አልቋል! አረፍ በል፣ አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹብኝ። ደንግጬ ቆምኩ። አውሬው አጠገቤ አልፎ አለት ላይ ተላተመ። መስመሩ እስኪሞላ ጠበቅሁ፤ አየነው ሁላችን ሲሞላ። ከዚያ ግንባሩን አልኩት። ተገለበጠ! ጌትነት ወገቤን ይዞ ሊያነሳኝ ደረሰ። ኡስታዝ «ያ ዞል! አንተ ሰው!» እያለ ጭኑን ይመታል። አደኑን እንኳ አልጨረስኩም፤ ወዲያው ተነስቶ ጣለኝና አበቃ። ግን አንድ ጊዜ በደንብ መትቻለሁ። ያንቺን መዶሻ።

ዞር ስል እናትሽ ያለቅሳሉ። የለቅሶ ቤቱን ዓይነት አይደለም፤ ድምፅ የሌለው ነው። «ሥራ ፈት እያልኩ እቆጣት ነበር» አሉኝ። «ቁጭ ብላ ስትውል ቀኑን የምታባክን ይመስለኝ ነበር። ለካ ልጄ ትንፋሿን እየጠበቀች ነው የኖረችው።» ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «አትሽጠው፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ግን እንዳትከፍት» አሉ። አግኝቼው የነበረውን ገዢ ሰኞ ዕለት አሰናበትኩት። እኔ እርሻ ስወርድ ቤቱን ሙሉዬ ትይዘዋለች፤ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አምጥታ ተክላለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስምንት ወር ሙሉ እናትሽና እኔ ስምሽን ስንሸሽ ነው የከረምነው። ማዕድ ቀርበን ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ፍየሏ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ስለ አንቺ ግን እኔም እሳቸውን ፈርቼ፣ እሳቸውም እኔን ፈርተው ዝም። ከዚያ እሁድ ወዲህ ራት እኔ ጋ ነው የሚበሉት፤ አፋቸውም ተፈታ። አንቺ ያልነገርሽኝን ይነግሩኛል። ትናንት የነገሩኝን ስሚ። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆንሽ የሰፈሩ ልጆች ወደ ጓንግ ወንዝ ሲሽቀዳደሙ፣ አንቺ ከኋላ ቀርተሽ፣ «እናንተ ሩጡ፤ እዚያ ጠብቁኝ፣ ቀስ ብዬ እመጣለሁ» ትያቸው ነበር አሉ። ልጆቹም ወንዙ ዳር ደርሰው፣ አንቺ ሳትመጪ ማንም ውሃ አይገባም ነበር አሉ።

ከእንግዲህ የማስታውሳትን ትርንጎ አገኘኋት። ስምንት ወር ዓይኔ ላይ የቆመችው ያላየኋት፣ ከወንበር የወደቀችው ነበረች። አሁን ግን በዚያ አቧራማ መንገድ ላይ ሳትቸኩል የምትሄደውን ልጅ ነው የማየው። ስምሽ በዚህ ቤት ይጠራል፤ እናትሽ ይጠሩሻል፣ እኔም እጠራሻለሁ፣ ከሳቅ ጋር።

አንቺ ዘንድሮ ቀድመሽኛል። እዚያ ጠብቂኝ፣ ዓለሜ፤ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።

ባልሽ አድማሱ