ከሰማይ የተመለሱት ልጆች

መካነ ሰላም፣ ሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

«የመምህሩ ሦስተኛ መጽሐፍ ከመጣማ ልጆቹ አገራቸው ይገባሉ» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አከራዬ እትዬ ዘይነባ ናቸው፣ በአጥር በኩል ለጎረቤታቸው። መምህሩ የሚሉት እኔን ነው። እኔም አመንኳቸው።

የፊተኞቹን ሁለት መጻሕፍት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ተርኬላቸዋለሁ። በመንኮራኩር ወደ ሌላ ኮከብ የሄዱ ልጆች ታሪክ ነው። ለልጆች የተጻፈ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እዚህ ከእሳቸው ሌላ የማወራው ሰው የለኝም። የእሳቸው ልጅ ሰይድ ድርቁ ሲጠና ለቀን ሥራ አሰብ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ታዲያ ለሰይድ ዱዓ ሲያደርጉ የመንኮራኩሩንም ልጆች አብረው ያነሳሉ። ደራሲው ይህን ቢያውቅ ይጠነቀቅ ነበር።

ዛሬ መጽሐፉ ከደሴ በመጣው መኪና ደረሰኝ። ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ልጆቹ አይመለሱም።

እትዬ ዘይነባ ደጃፌ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«እህሳ ልጄ፣ ገቡ?»

«ገቡ፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ! እናታቸውስ በሕይወት ቆየቻቸው?»

መጽሐፉ እናት የምትባል ፍጡር መኖሯንም አያነሳም። «ቆየቻቸው» አልኩ።

እልል አሉ። ለካ ልጆቹ ከገቡ ብለው ተስለው ኖሯል። ባቄላ ቀቅለው ለሰፈሩ ሰደቃ አወጡ። ለእኔም በሳህን ደረሰኝ፤ እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር ከበላሁ ቆይቻለሁ። ሳህኑን ስመልስ በዚህ ዘመን ባቄላ ከየት እንዳገኙ ጠየቅኳቸው።

ሰይድ ሲመለስ እንዲዘራው ያስቀመጡት ዘር ነበር።