የቃልኪዳን ቀለብ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአብዮት፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ዳገት ላይ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሱቁን አሁንም ራሴ ነኝ የምከፍተው። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ለሹፌሩ ጓደኛህ ለሁካ ሰጥቼዋለሁ፤ የጭነት መኪናው ኢሲዮሎ ሲደርስ በእጅህ ይሰጥሃል።

«እናቴ ሸጠችኝ» ብለህ ስልኩን ከዘጋህብኝ አራት ወር ሆነ። ያን ቀን አላስጨረስከኝም፤ አሁን ስማኝ።

ፍርድ ቤቱ ለልጅህ ለቃልኪዳን ቀለብ እንድትሰጥ ወስኖ፣ ሦስት ወር ከፍለህ ጠፋህ። እናቷ ማህሌት መጥሪያ ይዛ ስትንከራተት፣ መጥሪያው «አልተገኘም» እየተባለ ሲመለስ፣ እኔ የምትሠራበትን ድርጅት እያወቅሁ ዝም አልኩ። ልጄ ነህና። ግንቦት ላይ ግን ቃልኪዳንን ይዛ ከቡቲዬ ሰፈር በእግሯ መጣች።

«እማማ፣ ይሰናበቷት። ያቤሎ አክስቴ ጋ ልሰዳት ነው፤ ማሳደግ አቃተኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ያ ነው የከበደኝ። ልጅቷ ልብሷን በፌስታል ይዛለች።

ልጅቷን ለጎረቤቴ ለካልቱማ ትቼ ከማህሌት ጋር ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ልጅዎ የት እንደሚሠራ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ማህሌት እንደማውቅ ታውቃለች፤ መሬት መሬቱን አየች እንጂ አላጋለጠችኝም። አፈርኩ። «አይ፣ አውቃለሁ» ብዬ የድርጅቱን ስም አስጻፍኩ፤ ፈረምኩም። መሸጥ ካልከው እንዲህ ነው የሸጥኩህ።

ይኸው አሁን ከደመወዝህ እየተቀነሰ በየወሩ ይደርሳታል። ቃልኪዳን የትም አልሄደችም። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በስዋሂሊ ስታወራ አልደርስባትም። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ መጥታ ስኳር ትመዝንልኛለች፤ ለሁሉም እያበዛች ልታከስረኝ ነው። እኔም እያየሁ እስቃለሁ።

አዲሱን ጫማዋን ለሰፈሩ ሁሉ «አባቴ ነው የላከልኝ» እያለች ታሳያለች። ማህሌት እንደዚያ ነው የነገረቻት፤ ስለ ፍርድ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

አብዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ልጅ ሳለህ «አባትህ ላከልህ» እያልኩ የሰጠሁህን ጫማና ደብተር ሁሉ የገዛሁት እኔ ነበርኩ። እሱ አንድም ቀን አልላከም። እስከዛሬ አልነገርኩህም፤ ኮርተህበት ስትሄድ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። የቃልኪዳን ግን እውነት ነው። የላክኸው አንተ ነህ።

እግዚአብሔር ከመንገድ አደጋ ይሰውርህ፤ ያሰብከውን ያሳካልህ። ለመጫን ወደዚህ ስትመጣ እቤት ግባ። ተቆጥተህም ቢሆን ና።

እናትህ ጽጌ