ኩፍኝ የገባበት በር

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ፋንታዬ፤

እንዴት ከርመሻል? የመርሳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ልጅሽ እድላዊትስ መዳህ ጀመረች? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። እስካሁን ዝም ያልኩሽ መጻፉ ስላቃተኝ ነው።

እዚህ መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ክፍል ያከራየችኝን ፍሬወይኒን በስልክ አነጋግረሻት ነበር። ልጇን ዮሃናን ኩፍኝ ያዛት። በጦርነቱ ወቅት ስለተወለደች ክትባቱ አምልጧታል። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎን ነበር። ኋላ ዓይኗ ቀላ፣ ሽፍታው ከጆሮዋ ጀርባ ተነስቶ ወደ ደረቷ ወረደ። በባጃጅ ይዘናት ዓይደር ሆስፒታል ሄድን። ቫይታሚን ኤ ሰጧት፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ኦክስጅን አደረጉላት። ቫይረሱን ራሱን የሚገድል መድኃኒት ግን የለም።

ፍሬወይኒ ትምህርቴ ስለ ቫይረስ መሆኑን ታውቃለች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ እንዴት እንደያዛት ጠየቀችኝ። በትንፋሽ እንደሚገባ፣ ሰውነታችንን በሚጠብቁት ሴሎች ላይ ተቀባይ የሚባል፣ እንደ በር የሚያገለግል ነገር እንዳለ፣ ቫይረሱም በዚያ እንደሚገባ ነገርኳት። ጠባቂዎቹ ራሳቸው ተሸክመው በመላ አካሏ ያዞሩታል። መጨረሻ ላይ በመተንፈሻ አካሏ ሌላ በር ያገኝና በሳል ወደ ሌላ ሰው ይወጣል።

ሰምታኝ ስታበቃ፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ ልደቱ፣ በሩን ካወቃችሁት ለምን አትዘጉትም?» አለችኝ።

ምን ልበላት፣ እትዬ? በሩ ጠባቂዎቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት ነው፤ ሰውነት ራሱ ይፈልገዋል። መከላከል የሚቻለው አስቀድሞ በክትባት ነው። ይህን ግን ልጇ እያቃሰተች ለእናት እንዴት እነግራታለሁ? ተነስቼ ውሃ ላመጣላት ሄድኩ።

ሽፍታው መክሰም ሲጀምር የዳነች መስሎን ነበር። ሳንባዋ ግን እምቢ አለ። ዓርብ ጠዋት አረፈች።

ትናንት ፍሬወይኒ የዮሃናን ጫማ ይዛ መጣች። ለጎረቤት ልጅ ብትሰጠው በሽታው ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቫይረሱ ዕቃ ላይ ብዙ እንደማይቆይ፣ መስጠት እንደምትችል ነገርኳት። አመስግናኝ ሄደች። ከጠየቀችኝ ሁሉ የሚረባ መልስ የሰጠኋት ለዚህ ብቻ ነው።

የእድላዊት የክትባት ቀን ሲደርስ ገበያም ሆነ ለቅሶ እንዳይዝሽ፤ አደራ። እሷን ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ጋሽ ጣሰውን በጣም ናፍቄዋለሁ በይልኝ። የእማዬንም ጉልበት ሳሚልኝ። እማዬ የዮሃናን ድምፅ በስልክ ስለምታውቀው ትጠይቅሽ ይሆናል። አንቺ አትንገሪያት፤ ስመጣ እኔ እነግራታለሁ።

ወንድምሽ ልደቱ
መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ
መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.