ይቅርታ መጠየቅ ያቃተው ጀግና

ቁረይሻ፤ እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሰሊጥ አጨዳ አልወጣንም። ከምሳ በኋላ ከሣር በሠራነው ዳስ፣ በራኩባው ሥር ጋደም ብለን፣ በስልኬ የምጽፈውን ረጅም ልብ ወለድ የመጨረሻ ምዕራፍ ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ አነበብኩላት። ዘንዶውን የገደለው፣ ሰባቱን ቅጥር የሰበረው ጀግናዬ ሐርባ፣ አባቱን «ይቅር በለኝ» ማለት አቅቶት ከደጃፉ ይመለስና በረሃ ላይ ብቻውን ይሞታል።

«ለምን ገደልከው?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እኔ አይደለሁም፤ ኩራቱ ነው የገደለው።»

«ታዲያ ኩራቱን አውጣለት!»

«እሱ ከወጣለትማ ሐርባ መሆኑ ይቀራል።»

ጥሩወርቅ እኔን አግብታ ከመተማ ከወጣች ወዲህ ከእናቷ ጋር ተኳርፈዋል። ስጽፍ ግን ይህ ጨርሶ ትዝ አላለኝም ነበር።

ድንገት «እስቲ ስልኩን ስጠኝ» አለችኝ። ምዕራፉን ልታጠፋው መስሎኝ እያመነታሁ ሰጠኋት። እሷ ግን ደወለች፤ የእናቷን ቁጥር በቃሏ ታውቀው ኖሯል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አለች። የእናቷ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፦ «ልጄ! በልተሻል? ወባው እንዴት አደረገሽ? ኧረ ተናገሪ፣ የኔ ዓለም!»

ጥሩወርቅ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም ውሃ ልቀዳ ብዬ ጀሪካኑን አንስቼ ወጣሁላቸው።