የአባባ ጠማማ ወለል

ለማትጠገቢዋ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ባለፈው ደብዳቤ «ደህና ነን» ያልኩሽ ግን ውሸቴን ነበር። አሮጌውን የኤግዚቢሽን አዳራሽ መስጊድ የማድረጉን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አባባ ሦስት ወር ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። ሰላምታዬን እንኳ የሚመልሰው ለግድግዳው ነው።

የአዳራሹን የጣውላ ወለል የሠራው እሱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጣውላዎቹ ከግድግዳው ጋር አይሄዱም፣ በሰያፍ የተነጠፉ ናቸው። «አናጢው ጠጥቶ ነበር እንዴ?» ሲባልበት አርባ ዓመት ኖረ፤ ከሻይ ሌላ ቀምሶ የማያውቅ ሰውዬ! እኔ የፈረምኩት ውል ደግሞ ወለሉ ተነቅሎ ሲሚንቶ ይፈስበታል ይላል። «መስጊድ መሆኑስ እሰየው፤ እጄን የሚነቅለው የገዛ ልጄ መሆኑ ነው» ብሎ ለእማማ ሲነግራት ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት ልንነቅል ስንል ኢማሙ ቂብላውን፣ ወደ መካ ዞረን የምንሰግድበትን አቅጣጫ፣ ሊለኩ መጡ። ኮምፓሳቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ክር አስወጠሩኝ። ክሩ ከግድግዳው ጋር ተጣላ፤ ከጣውላዎቹ መጋጠሚያ ጋር ግን ልክክ አለ። ሌላም ቦታ ወጠርን፣ ያው ነው። ማን እንደሠራው ጠየቁኝ። አባቴ ነው ስላቸው «የሰጋጁን መስመር ቀድሞ አስምሮልናል፤ አንድም ጣውላ እንዳይነካ» አሉ። እህቴ፣ ይህን ሁሉ ጢም ይዤ እዚያው አለቀስኩ። ትልቅ ሸክም ነው የወረደልኝ።

ማታ ለአባባ ነገርኩት። «ጠማማ አናጢ መሆንም ለካ ይጠቅማል» አለና ሻይ እንድቀዳለት አዘዘኝ። እማማ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለች ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

አንድ ነገር ግን ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። በማግስቱ ወለሉን ሳጸዳ፣ አባባ የአዳራሹ ጠጋኝ ሆኖ ሃያ ዓመት መሣሪያውን ያስቀምጥበት የነበረው ጓዳ ውስጥ ቫርኒሹ ሦስት ቦታ ተልጦ አገኘሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የጉልበት ያህል፣ አንዱ ከፊታቸው የግንባር ያህል። የመፋቂያ ማሽን አላስነካሁትም። እሱንም አልጠየቅኩትም።

የመጀመሪያው ሰላት የፊታችን አርብ ነው። ሰው ስለሚበዛ ከፊት ቦታ ልያዝልህ ወይ ብዬ አባባን ስጠይቀው፣ «ተወው፣ ቦታዬን አውቃለሁ» አለኝ።

አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ሻይ ቀጂው ታናሽ ወንድምሽ