ከጺሙ ጋር የተነሳው ፎቶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ለምወድሽ ልጄ፣

ባልሽ ትናንት ጺሙን ተላጨ።

አንቺና ትንሿ እንዴት ናችሁ? ሳሉስ ለቀቃት? ባለፈው በስልክ ስትስል ሰምቻት ልቤ እዚያው ቀርቷል። ደረቷን ሸፍኚያት። እኔ ደህና ነኝ። ላውንደሪው ውስጥ ቆሞ መዋል ጉልበቴን ቢያስከፋውም ሥራው አልቀረም፤ የሆቴሉ አንሶላ እንደሆነ አያልቅም። ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ቻልኩ። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለማላምነው ነው፤ ገና "ሃሎ" ስል ታውቂብኛለሽ። ደብዳቤውን የጭነት መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ነገ ያደርስልሻል።

ቅዳሜ ትንሿን ይዘሽ ልትመለሺ እንዳሰብሽ፣ ግን "እማዬ፣ አንቺ ነይ ካልሽኝ ብቻ" እንዳልሽኝ አልረሳሁም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

ባልሽ፣ የእኔው ልጅ፣ ቁማሩን ለመተው የሚሄድበት ድርጅት በእርዳታ የሚተዳደር ነው። ከጫማ መደብሩ በላይ ሁለት ክፍል ይዟል። እሑድ እሑድ የእኛ የቤተሰቦቹ ተራ ነው። የሚመራን ሰው ድሮ አውቶቡስ ይነዳ ስለነበር ሁላችንም "ሾፌሩ" እንለዋለን፤ እሱም በዚሁ በሽታ ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። እዚያ አንድ ሰው ቁማር ለመተው ሲቆርጥ ፎቶ ይነሳና በፈቃዱ ይፈርማል። ፎቶው በሰፈሩ ላሉት ውርርድ ቤቶች ይሰጣል። ገንዘብ ተቀባዮቹ ሰውየውን ሲያዩት አያስተናግዱትም።

ባልሽ ፎቶውን ራሱ ይዞ ነው የዞረው፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ከሚሠራበት ፀጉር ቤት ቀጥሎ ባለው መታጠፊያ ላይ ያለችው የውርርድ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ፎቶውን አገላብጣ አየችና፣ "ሚዜ ልትሆን ነው እንዴ የተነሳኸው? አምሮብሃል" አለችው።

"ሚስቴን ላመጣ ነው" አላት እየሳቀ። ይህን እንድነግርሽ አልፈለገም፤ እኔ ግን ነገርኩሽ።

ፎቶው ሲነሳ ሾፌሩ "ጺምህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" ብሎ ጠይቆት ነበር። ባልሽ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩና፣ "ከሠርጉ ጀምሮ ምላጭ አልነካውም፤ ደንበኞቹም የሚያውቁት በጺሙ ነው" አልኩ። እናት አይደለሁ፣ ኮርቼበት ነው።

ያለፈው እሑድ ስብሰባችን ላይ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት፣ "የኔው ጉድ ደግሞ በፎቶው እንዳይለዩት የእኔን የፀሐይ መነጽርና ሻርፕ አድርጎ ውርርድ ቤት ገባላቸው። ሴት መስሏቸው ወንበር ለቀቁለት" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንዲያውም እንባዬን ጠረግሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ልጄን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ተገልጦ ሌላ ሰው መስሏል። አገጩ ላይ ተቆርጧል። የሰው አገጭ አድምቶ የማያውቅ እጅ የራሱን አደማ። አጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው እያለ፣ ራሱ ነው የተላጨው።

"ምነው?" አልኩት።

"ትንሿ ስስማት 'ይወጋኛል' ትል የለ? ቅዳሜ ስትመጣ እንዳትሸሸኝ ብዬ ነው።"

"ፎቶውስ?"

"የቱ ፎቶ?"

"የቱ ፎቶ ትለኛለህ እንዴ?"

ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና፣ "አላሰብኩትም፣ እማዬ። እውነቴን ነው" አለኝ።

እውነቱን ሊሆን ይችላል። ትንሿ አገጩን በእጇ እየገፋች እንደዚያ ስትለው እኔም ሰምቻለሁ። ግን አልቻልኩም፤ ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ ጋ ሄድኩ። "ውርርድ ቤቶቹን ዙርልኝ፤ ገብቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ" አልኩት።

ወንበር ሳበልኝ። "እማማ፣ እኛ ሰው አንሰልልም። ብንሰልል ይህን ደረጃ ማን ይወጣዋል? መልኩን የቀየረ ሰው ፎቶውን መቀየር እንዳለበት ሲፈርም ነግረነዋል። ፎቶ የምናነሳው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ራሱ ከመጣ መልስዎ ያ ነው።"

"ካልመጣስ?"

"እርስዎ ጎትተው እንዳያመጡት ብቻ። እንዳያስታውሱትም።"

አየሽ ምን እንደፈረደብኝ? ምላሴ ላይ አስቀምጬው መዋሌ ነው። ይህን እየጻፍኩ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ አትጠይቂኝ። መጋረጃውን እገልጣለሁ፤ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ደንበኛ ይጠብቅ፣ ወደ መታጠፊያው ይይ፣ ከዚህ ሆኜ አልለየውም። ተመልሼ እቀመጣለሁ። ደግሞ ካውያውን ነቅዬው እንደሆነ ለማረጋገጥ እነሳለሁ፤ ካውያው ያለው ሥራ ቦታ ነው። አሁን ሳየው በሩ ላይ የለም። ገብቶ እየሠራ ይሆናል።

ነይ ብዬ ብጽፍልሽ እጄ ይቀለው ነበር። ግን ትንሿን እንዴት እንደናፈቅኋት ታውቂያለሽ፤ በዚህ ነገር እኔን ማመን የለብሽም። አልጋ ልብሷን አጥቤ፣ ሥራ ቦታ ተኩሼ አንጥፌዋለሁ። ይህን እንደ ነይ አትቁጠሪው። የአውቶቡስ ቲኬትም ገና አትቁረጪ። እሱ ቢደውልልሽ ስለ ጺሙም ስለ ፎቶውም አታንሺበት። ራሱ ካነሳው ግን ስሚው።

የልጅሽን ደረት ያጽናላት። አንቺንም የምትረግጪው መሬት አይክዳሽ። የመጣው ይምጣ፣ እኔ ከጎንሽ አልጎድልም።

እናትሽ፣
የእሱም እናት

ሐሙስ ወደ ማታ ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊው።