ለአራስ የወሰድኳት ዶሮ

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ግንቦት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ማዘንጊያ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

እንዴት ከርመሻል? የኩባ ሙቀት ከድሬዳዋ ይብሳል ብለሽ የጻፍሽው ደርሶኝ ብቻዬን ሳቅሁ። እዚህም ዘንድሮ ደቻቱ ወንዝ ጠብታ ውሃ ሳያይ ከርሞ አሸዋው እግር ያቃጥላል። እኔ ጉልበቴ ተሽሎኛል። ለአባትሽ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አብርቻለሁ፤ ስምሽንም አብሬ ጠርቻለሁ።

ዶሮዎቼ እንዴት ናቸው፣ ጎረቤታችን ፋርቱንስ ወለደች ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሁለቱን ለያይቼ ልመልስልሽ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ነገሩ አንድ ሆኗል።

ፋርቱን ወልዳለች። ወንድ ነው፤ ቁርጥ አባቱን ቡራሌን። ዶሮዎችሽ ግን የሉም።

ከፋሲካ በኋላ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ እየገረጣ፣ እንቁላል እያቆሙ መጡ። ክንፋቸውን ገልጬ ባይ መዥገር ወሯቸዋል። ቀን ቀን የቆጡ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ሲመሽ ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል። አመድ ነሰነስኩ፣ ስንጥቁን በላምባ ቀባሁ፤ እንቢ አለ። መልካ ጀብዱ ገበያ ወርጄ ከብትና ግመል የሚታጠብበትን የመዥገር መድኃኒት ገዛሁ። ሻጩ፣ «ለባልዲ ውሃ አንድ ክዳን ብቻ፤ የታጠበ እንስሳ ሥጋ ቶሎ እንዳይበላ» ብሎኛል። ሰምቻለሁ ልጄ። አልሰማሁም ልልሽ አልችልም። ግን ስለ ከብት የሚያወራ መሰለኝ፤ መድኃኒቱንም ቢበረታ ይሻላል ብዬ በዓይኔ ግምት ጨመርኩበት። አመሻሹ ላይ አንድ በአንድ ባልዲው ውስጥ ነከርኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፋርቱን መውለዷን ሰማሁ። ባዶ እጄን አራስ ልጠይቅ? በራሳቸው ደንብ እንዲያርዱ ብዬ ከሁሉም የወፈረችውን፣ አንቺ በእጅሽ ጥሬ የምታበያትን ነጯን፣ ከነሕይወቷ ይዤላቸው ሄድኩ። የቡራሌ እናት አዴ ሃሊሞ ተቀብላኝ ሴቶቹ ፊት፣ «ወላሂ፣ ሰርካዲስ ጎረቤት አይደለችም፣ የሆዴ ልጅ ናት» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

እኩለ ቀን ላይ ግቢያችን ውስጥ አንዷ ዶሮ እግሯ ተሳስሮ ወደቀች። ከአፏ ለሃጭ ይዝረበረባል። ወዲያው ሌላዋ። ፈንግል ነው አልኩ ለራሴ። ፈንግል ግን መንጋውን በአንድ ቀትር እንደዚህ እንደማያረግፍ አውቃለሁ፤ ስንት ዶሮ አርብቻለሁ። ከአጥሩ ወዲያ የሾርባው ሽታ ይመጣል። ሴቶቹ ይሳሳቃሉ።

ሮጥኩ። የቆርቆሮ በራቸው ድረስ ደረስኩ። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁና ቆምኩ። አሁን ሲያመሰግኑኝ የነበሩት ሰዎች ፊት «መርዝ ነው ያመጣሁላችሁ» ብዬ እንዴት ልግባ? ምናልባት ምንም አይሆንም፣ ሲቀቀል ይጠፋል አልኩ። እጄን አወረድኩት። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ፋርቱን በላብ ተነክራ ታስመልሳለች፣ ዓይኗ ይቅበዘበዛል። ሌላ ሰው ሾርባውን አልነካውም፤ ለአራሷ ብቻ ነበር የተቀዳው። አዴ ሃሊሞ ጠዋት የአራስ ቅጠል አፍልታ አጠጥታት ኖሮ ቡራሌ እናቱ ላይ ጮኸ፦ «አንቺና ቅጠልሽ! ገደልሽብኝ!» አሮጊቷ አፏን ይዛ ቀረች። እኔም ሕፃኑን ታቅፌ እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ። ይህ ነው ልጄ፣ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ።

በጋሪ ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ፣ «ምንድን ነው የወሰደችው? ካላወቅን በምን እንርዳት?» አለ። ቡራሌ ስለ ቅጠሉ መናገር ጀመረ። አዴ ሃሊሞ መሬት መሬት ታያለች። ያን ጊዜ ድምፄ ከየት እንደ መጣ አላውቅም።

«ቅጠሉ አይደለም፤ ዶሮዋ ናት» አልኩ። «በመዥገር መድኃኒት አጥቤያታለሁ። እኔ ነኝ።»

ቡራሌ ዞሮ አየኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ቆርቆሮ አምጪ ብሎኝ በዚያው ጋሪ ተመልሼ ይዤለት መጣሁ። ጽሑፉን አንብቦ መርፌውን አዘዘ። በማግስቱ ፋርቱን ዓይኗን ገለጠች። ጡት እንዳትሰጥ ግን ከለከሏት፤ ሕፃኑን ታች ሠፈር ያለችው ቱሪያ ከልጇ ጋር አጠባችልን። በየምሽቱ ለቅሶውን በግድግዳው እሰማዋለሁ፤ ጆሮዬን አልደፍንም።

ቡራሌ የእናቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠይቋል። እኔን አያናግረኝም። ሰዎች ለቀበሌ አመልክት ሲሉት ግን፣ «ተዉኝ፣ ጎረቤቴ ናት» ብሏቸዋል አሉ። አዴ ሃሊሞ ራሷ ቤቴ ድረስ መጣች። የሞቱትን ዶሮዎች ቀብሬ ቆጡን እያቃጠልኩ ነበር። ጭሱ ውስጥ ቆማ፣ «ሳታውቂ አመጣሽ፤ እሱን አላህ ያያል» አለችኝ። «በር ድረስ መጥተሽ ስትመለሺ ያዩሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አዴ። አፈርኩ።»

«ድስቱ እኮ ያኔ ገና ምድጃ ላይ ነበር» አለች። «ብታንኳኪ እደፋው ነበር። አሁንስ አላፈርሽም?»



ፋርቱን ትናንት ቤቷ ገባች። በሩ ላይ ቆሜ መግባት ሲያቅተኝ፣ «ግቢ እንጂ አባዮ» አለችኝ፤ እኅቴ ማለቷ ነው፣ እንደ ድሮው። ከስታለች። እግሯ ላይ ስወድቅ በደከመ እጇ አነሳችኝ። ስወጣ ግን ጠርታኝ፣ «ለማዘንጊያ አትጻፊላት» አለችኝ። «ባሕር ማዶ ሆና ትጨነቃለች። እኔም አልጽፍላትም፤ እዚሁ ይቅር።»

እሺ ብያት መጣሁ። ከዚያ ተቀምጬ፣ ዶሮዎችሽን ፈንግል ጨረሳቸው ብዬ ጻፍኩልሽ። ሳነበው እንደገና እዚያ በር ላይ እጄን ያወረድኩ መሰለኝ። ቀደድኩትና ይህን ጀመርኩ።

ማዘንጊያ፣ አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ ትምህርትሽን ይግለጥልሽ፤ በጤና ለቤትሽ ያብቃሽ። ለፋርቱን የማርያም ምሕረት አይለያት በይ፤ አንቺ ብትለምኚላት ይሰማል።

ስትመልሺልኝ ተቆጪኝ፣ የምትይውን ሁሉ በይኝ። ብቻ ደብዳቤሽን እንደ ወትሮው «እማዬ» ብለሽ ጀምሪልኝ።

እናትሽ
ሰርካዲስ ወልደጻድቅ